ስድስት ሰከንድ ውሃ

ሴትዮዋ የሳይንስ መምህርነታቸውን ለቀው ፊልም መሥራት ሲጀምሩ ዕድሜያቸው ኀምሳ አንድ ነበር። ስለ ፊልም የሚያውቁት ነገር አልነበረም። የሚያውቁት አንድ ነገር ቢኖር፣ በከተማው ቆሻሻ መጣያ ዙሪያ የሚኖሩ፣ ፕላስቲክና ቆርቆሮ ለቅመው የሚያድሩ ቤተሰቦች የጤና ምክር የታተመበት ወረቀት ሲታደላቸው ለእሳት ማቀጣጠያ እንደሚያደርጉት ነው። አይፈረድባቸውም። በሰፈሩ ውስጥ ማንበብ የሚችል ከአሥር ሰው አንድ አይገኝም። የሚያነበውም ቢሆን፣ ጤና ጣቢያ ሲሄድ ልብስህ ይሸታል ተብሎ በር ላይ የሚቆም ሰው ነውና፣ ምክሩ የተጻፈው ለእኔ ነው ብሎ አያምንም።

ከቀለም መሸጫ በላይ ሁለት ጠባብ ክፍሎች ተከራይተው፣ አንድ ያገለገለ ካሜራ ይዘው ጀመሩ። ከታች ቀለም በተበጠበጠ ቁጥር ሽታው ደረጃውን ወጥቶ መጋረጃው ላይ ያድራል፤ እንግዳ ሁሉ «ቤት እያሳደሳችሁ ነው?» እያለ ይገባል። በአንደኛው ክፍል ፊልም ይቀናበራል። በሌላው ጄኔሬተሩ፣ ፊልም የሚታይበት ነጭ አቡጀዲ፣ ድምፅ ማጉያውና የሴትዮዋ ጠረጴዛ ተጣብበው ይኖራሉ።

አሠራራቸው ቀላልና ጥብቅ ነበር። በፊልሙ ላይ የሚሠሩት የሰፈሩ ሰዎች ራሳቸው ናቸው። ፊልሙ የሚታየው በቀን፣ በሰፈሩ መጋዘን ውስጥ፣ መስኮቶቹ በጆንያ ተሸፍነው ነው። ፊልሙ ሲያልቅ ጆንያው ይገለጣል፤ ሴትዮዋ ከፊት ቆመው «እስቲ ያያችሁትን ንገሩኝ» ይላሉ። ሌላ ቃል አይጨምሩም፤ አያርሙም፤ የሚነገራቸውን ይጽፋሉ። ሰፈርተኛውም «እትዬ ንገሩኝ» የሚል ስም አወጣላቸው።

ስለ ዓይን አስተጣጠብ የሠሩት የመጀመሪያው ፊልም በታየ ቀን ተመልካቹ ስለ ዓይን አንድም ነገር አልነገራቸውም። «አንዲት ሴትዮ አዲስ ቢጫ ባልዲ ገዝታ ጎረቤት ላይ ስትጎርር አየን» አሉ። «መጎረሩንስ ትጎርር፤ ግን ከየት ነው የገዛችው?» ብላ አንዷ ጠየቀች። ሴትዮዋ አልተከፉም። የተጨረማመተ አሮጌ ባልዲ ተውሰው ፊልሙን እንደገና ቀረጹት። ከዚያ ወዲህ፣ ተመልካች ያየውን መልሶ ሳይነግር የትኛውም ፊልም አለቀ አይባልም የሚል ደንብ ደነገጉ። ደንቡ ሦስት ዓመት ተከበረ።

ከዚያ ሥራው አደገ። አንድ ለጋሽ ድርጅት ወሬውን ሰምቶ መጣ፤ አየ፤ ወደደ። በአራት ዓመት ውስጥ አንዱ ሰፈር አሥራ አራት ሆነ። ሁሉም በቆሻሻ መጣያ፣ በድንጋይ ካባ ወይም በባቡር ሐዲድ ጥግ የተለጠፉ ሰፈሮች ናቸው። ሁለት ሠራተኞች ተቀጠሩ። አንደኛው ቀራጭም አቀናባሪም የሆነ፣ ሠላሳ ዓመት ያለፈው ዝምተኛ ሰው ነው፤ ከተቀረጸው ላይ ትርፉን እየቆረጠ ስለሚጥል «መቀስ» ይባላል። ሁለተኛው ሹፌሩ ነው፤ ጄኔሬተሩን ብቻውን ያነሣል፤ አፉን ግን አሥር ሰው አይዘጋውም።

በቀን ሁለት ሰፈር ማዳረስ ግድ ሲሆን፣ ከፊልሙ በኋላ የነበረችው የመንገሪያ ሰዓት ተነካች። መጀመሪያ ወደ ግማሽ ሰዓት ወረደች። ቀጥሎ «ለዚህ ዓመት ብቻ» ተብላ ቀረች። ለሁለተኛው ዓመትም ለዚህ ዓመት ብቻ ተባለ።

በዚያ ሁለተኛ ዓመት ስለ ቃጠሎ አንድ ፊልም ተሠራ። በነዚያ ሰፈሮች ምድጃና ልጅ በአንዲት ክፍል ስለሚያድሩ እጁ ወይም እግሩ ላይ ጠባሳ ያለበት ሰው የሌለው ቤተሰብ የለም። ፊልሙ የሚያስተምረው ሦስት ነገር ነው፤ የተቃጠለውን ቦታ ሃያ ደቂቃ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ማቆየት፣ በንጹሕ ጨርቅ ሳያጠብቁ መሸፈን፣ ጤና ጣቢያ መሄድ። በለጋሹ ስብሰባ ላይ ሲታይ አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። ድርጅቱም ይህንኑ ፊልም በስልሳ ሰፈር ለማሠራጨት ወሰነ። ውል የሚፈረመው ሰኞ ነው። ከተፈረመ ቢሮው ለሦስት ዓመት ሥራውን ይቀጥላል፤ ካልተፈረመ የመቀስና የሹፌሩ ሥራ ከሁለት ወር አያልፍም። መቀስ ደግሞ ሚስቱ እርጉዝ ናት።

ከዚያ ሰኞ በፊት በነበረው ሐሙስ ሹፌሩ ደረጃውን እያለከለከ ወጣ።

«እትዬ፣ የሐዲዱ ሰፈር ውስጥ አንዲት እናት ትፈልግዎታለች።»

«ለምን?»

«ለምኑን አልነገረችኝም። ‹ሥራ ካልበዛባቸው› ነው ያለችው። እኔም ሥራ ካልበዛባቸውማ ታመዋል ማለት ነው አልኳት።»

ሴትዮዋ የቀኝ ጉልበታቸው ካበጠ ሳምንቱ ነበር። ደረጃውን አንድ በአንድ ወረዱት።

እናትየው የምትኖረው ከሐዲዱ ሃያ እርምጃ ርቃ፣ በቆርቆሮና በላስቲክ በተሠራች ክፍል ነው። ለእንግዳዋ ብቸኛዋን ሣጥን ጠርጋ አቀረበች። አራት ዓመት የሚሆናት ሴት ልጇ ከጀርባዋ ተሸጉጣለች።

«ነይ ለእትዬ አሳዪያቸው» አለቻት።

ልጅቱ ቀኝ እጇን ዘረጋች። አራቱ ጣቶች ወደ መዳፉ ታጥፈው እዚያው ተጣብቀዋል።

«ምድጃው ተገልብጦባት ነው። ሦስት ወር አለፈው» አለች እናትየው። «ግን አልደነገጥኩም፣ እትዬ! ጎረቤት ሁሉ ሲጮህ እኔ ዝም በሉ፣ አውቀዋለሁ አልኳቸው። ፊልሙን ሁለት ጊዜ አይቼዋለኋ። አንዷ የጥርስ ሳሙና ይዛ ስትሮጥ መጣች፤ በመጣችበት መለስኳት። እስከ ዛሬ አኩርፋኛለች።»

ሴትዮዋ የልጅቱን እጅ እንደ ያዙ፣ ሁለት ዓመት ከአፋቸው ያልወጣውን ቃል ተናገሩ። «እስቲ ፊልሙ ላይ ያየሽውን ንገሪኝ።»

እናትየው እንደ ተማሪ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። «እናቲቱ የልጁን እጅ ትይዛለች። ውሃ ታፈስበታለች።» ባዶ ጣሳ አንሥታ አሳየቻቸው፤ ዘንበል አደረገችው፤ አንድ ትንፋሽ ያህል ቆየች፤ መልሳ አቃናችው። «ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ትሸፍነዋለች። እኔም ጨርቁን ቀቅዬዋለሁ። ከዚያ ጤና ጣቢያ። ወስጃታለሁ፤ ወረቀቱም አለ። እና የፈለግሁዎት፣ ምን አጥፍቼ ነው ብዬ ልጠይቅዎ ነው። ጨርቁን አጥብቄው ይሆን?»

ሴትዮዋ ጣሳውን ከእጇ ተቀበሉ።

«አንቺ አላጠፋሽም» አሉ። «ያጠፋው ፊልሙ ነው። እጇ ውሃ ውስጥ ሃያ ደቂቃ መቆየት ነበረበት።»

«ፊልም ያጠፋል እንዴ!» እናትየው አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች፤ ትልቅ ሰው ሊያጽናናት ብሎ የተናገረው መሰላት። ወዲያው ሳቋ ቀረ። «ሃያ ደቂቃ?» አለች። «ውሃ እኮ ነበረኝ፣ እትዬ። ሙሉ ጄሪካን ውሃ ነበረኝ።»

የዚያኑ ዕለት ልጅቱን ይዘው ጤና ጣቢያ ሄዱ። በር ላይ ቁሙ የሚላቸው አልተገኘም፤ የሴትዮዋ ፊት ለዚያ አይመችም ነበር። ነርሷ እጁን አገላብጣ አየችና ለቀዶ ሕክምና ወረፋ አስያዘቻት።

«ውሃው በቂ ጊዜ ቢያገኝ ኖሮስ?» ብለው ጠየቁ ሴትዮዋ።

«ቁስሉ እንዲህ ላይጠልቅ ይችል ነበር። ይችል ነበር ነው የምልዎት፤ አያስምሉኝ።»

ከሰዓት በኋላ መቀስ ፊልሙን ከፈተላቸው። ውሃው የሚፈስበትን ቦታ አምስት ጊዜ አስመለሱት። ውሃው የሚታየው ስድስት ሰከንድ ነው። ተራኪው «ለሃያ ደቂቃ ያህል» ይላል፤ ምስሉ ወደ ጨርቁ ይዘልላል።

«ድምፁ እኮ በግልጽ ተናግሯል፣ እትዬ።»

«ጄኔሬተሩ ደጅ እያጓራ፣ ልጅ እያለቀሰ፣ ድምፁን ማን ሰማው? ሁሉም የሚያወራው በዓይኑ ያየውን ነው።»

«ፊልም እንደሚዘልል ደግሞ የማያውቅ ሰው የለም። የስልክ ቪዲዮ ሁሉም ያያል።»

«መዝለሉን ያውቃሉ። ምን ያህል እንደ ዘለለ በምን ይወቁት?»

መቀስ ጣቱን ከማሽኑ ላይ አነሣ። ቀና ብሎ አላያቸውም። «ፊልሙ በሙሉ አሥራ አንድ ደቂቃ ነበር። ወደ ዘጠኝ አውርደው ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ነኝ» አሉ። «ለጋሾቹ ዘጠኝ ብለው ነበር፤ እኔም እሺ አልኩ። አንተ የተባልከውን ነው የቆረጥከው።»

«እንደዚያ እንዲሉ ፈልጌ አልነበረም።»

«ፈለግህም አልፈለግህም ነገሩ እንደዚያ ነው።»

አርብ ጠዋት ጉልበታቸውን በሻሽ አስረው ወደ ሁለት ሌሎች ሰፈሮች ወጡ። በየቤቱ እየገቡ ሠላሳ አንድ ሰው ጠየቁ። «እስኪቀዘቅዝ» ያለ አለ፤ «አንድ ጣሳ» ያለ አለ፤ «አምስት እስኪቆጠር» ያለች አለች። አንድ ሽማግሌ በተለይ አስጠነቀቋቸው፤ «ውሃ ብዙ አታብዙበት፤ ፊልሙም ቶሎ ነው ያቆመው። ውሃ በትከሻ እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው ነው የሠራው፤ ብልህ ሰው ነው» አሉ። ሃያ ደቂቃ ያለ አንድም ሰው አልተገኘም።

ሴትዮዋ ባል አልነበራቸውም፤ የሚኖሩት ከታላቅ እህታቸው ጋር ነው። እህትየው ጡረታ የወጡ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናቸው፤ ነገርን እንደ ደብዳቤ በአጭሩ መጨረስ ይወዳሉ። እራት ከመቅረቡ በፊት የሆነውን ሁሉ ሰሙ።

«አንቺ ልጅ፣ ለአንድ እጅ ብለሽ ስልሳ ሰፈር ልትተዪ ነው?»

«አንድ እጅ መሆኑን በምን አወቅን፣ እታለም? አንድ እጅ ያየነው እሷ ስለ ጠራችን ነው።»

«እሺ ይሁን። ሰኞ ፈርሚ፤ ከፈረምሽ በኋላ አስተካክዪ። ሰው ሁሉ የሚያደርገው ይኼንኑ ነው። ሳትፈርሚ ቀርተሽ ቢሮው ቢዘጋ ማን ሊያስተካክለው ነው? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን።»

ምክሩ የሞኝ ምክር አልነበረም። ሴትዮዋ እስኪነጋ ድረስ ከዚያ የተሻለ ምክር አላገኙም። ለመፈረም ልባቸው ከግማሽ በላይ ሄዶ እንደ ነበር ኋላ ራሳቸው ለእህታቸው ተናግረዋል።

ቢሆንም ቅዳሜ መቀስን ይዘው ወደ ሐዲዱ ሰፈር ተመለሱ። አሳባቸው ውሃው ያለ ምንም ቆረጣ ሃያ ደቂቃ ሙሉ እንዲቀረጽ ነበር። እናትየው «ሌላ ሰው አትፈልጉ፤ እኔ ነኝ የምሠራው» አለች። ሳፋ ንጹሕ ውሃ ሞልታ የራሷን እጅ ከተተች፤ መቀስም ካሜራውን ተክሎ ቆመ። በአምስተኛው ደቂቃ አፍንጫዋን በትከሻዋ አከከች። በስምንተኛው ባቡር አለፈ፤ ሳፋው ተንቀጠቀጠ። በአሥራ አንደኛው ጎረቤቷ ብቅ ብላ «ምን ሆነሽ ነው እንደ ሐውልት የተቀመጥሽው?» አለቻት፤ «ዝም በይ፣ እየተቃጠልኩ ነው» ብላ መለሰችላት። በአሥራ ሰባተኛው «ለካስ ረጅም ነው» አለች ለራሷ። መቀስ አንዱንም አልቆረጠም።

ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት የለጋሹ ተወካይ በቢሮዋ ተቀበለቻቸው። ተወካይዋ ደግ ሴት ናት፤ ሥራውን ከልቧ ትወደዋለች። ውሉ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ብዕር ተቀምጦበታል። ሴትዮዋ የሆነውን ምንም ሳያስቀሩ ተናገሩ፤ የልጅቱን እጅ ፎቶግራፍም አሳዩአት። ተወካይዋ ፎቶግራፉን ረጅም ጊዜ ተመለከተችው።

«በጣም ያሳዝናል» አለች። «ግን እኮ ለስልሳው ሰፈር የሚሆነው ቅጂ ተባዝቷል። በሁለት ሳምንት ውስጥ መሠራጨት ይጀምራል። ይፈርሙና ማስተካከያውን በሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ እናስገባዋለን። ቃሌን እሰጥዎታለሁ።»

«እስከዚያ ድረስ ግን ስድስት ሰከንዱ ይታያል።»

«እስከዚያ ድረስ… አዎ።»

«ሦስት ወር ስጪኝ። ፊልሙን ለውጬ፣ ያዩት ሰዎች መልሰው እንዲነግሩኝ አድርጌ አመጣዋለሁ።»

«ሦስት ወር የለኝም፣ እትዬ። በጀት ዓመቱ ይዘጋል። ከተዘጋ በኋላ ሥራው ለሌላ ድርጅት ይሄዳል፤ እኔ ላስቀረው አልችልም።»

ሴትዮዋ አዲሱን ቀረጻ እንድታይ ለመኗት። ተወካይዋ እሺ ብላ ከፈተችው። እስከ አራተኛው ደቂቃ በትዕግሥት አየች። ከዚያ ሰዓቷን አየች።

«ይኼ እስከ መጨረሻው እንዲህ ነው?»

«እንዲህ ነው።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይኼን ማንም ቁጭ ብሎ አያይም።»

«ልጅ የተቃጠለባት እናትም ሃያ ደቂቃ ቁጭ ብላ መጠበቁ ይከብዳታል» አሉ ሴትዮዋ። «ግን ፊልሙ ላይ ሆኖ ካላየችው፣ በዚያ ሰዓት እጇን ማን ይይዝላታል?»

ብዕሩን ከውሉ ላይ አንሥተው ወደ ጎን አደረጉት። አልፈረሙም። የተባዛው ፊልም እንዳይሠራጭ በጽሑፍ ጠየቁ። ተወካይዋ ደብዳቤውን ተቀብላ ማኅተም መታችበት፤ እስከ በሩም ሸኘቻቸው። በሩ ላይ «የቀድሞ ፊልሞችዎን ሁሉ አይቻለሁ፤ ጥሩ ሥራ ነበር» አለች። ነበር ማለቷን ሁለቱም ሰሙት።

ቢሮው ወዲያው አልተዘጋም፤ እንደ ሻማ ቀስ እያለ አለቀ። መቀስ ሠርግ መቅረጽ ጀመረ። «እዚያ ማንም አሳጥርልኝ አይለኝም፤ ስምንት ሰዓት ሙሉ ያዩታል» ብሎ ሊያስቃቸው ሞከረ። ሚስቱ ወንድ ልጅ ወለደች። ከሁለቱ ክፍሎች አንደኛው ለአከራዩ ተመለሰ። ሹፌሩ ለሌላ መሥሪያ ቤት ዕቃ ማመላለስ ቢጀምርም፣ በሳምንት አንድ ቀን መኪናውን ይዞ እንዲመጣ ከሴትዮዋ ጋር ተስማማ። ያችን አንዷን ቀን ይዘው አሥራ አራቱን ሰፈር ከመጀመሪያው ሊያዳርሱ ተነሡ። አሮጌው ፊልም በታየበት መጋዘን ሁሉ ሴትዮዋ ከፊት ቆመው፣ ያስተማርነው ስህተት ነበር ብለው መናገር ነበረባቸው። ሠላሳ ዓመት በመምህርነት ሲኖሩ ይህን ዓይነት ትምህርት ሰጥተው አያውቁም።

የመጀመሪያው የድንጋይ ካባው ሰፈር ሆነ። ሰማንያ የሚሆን ሰው መጋዘኑን ሞላው። ሴትዮዋ ስህተቱን ሲናገሩ ከኋላ አንድ ሰው «ኧረ የኛ ልጅ…» ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ተወው። ከዚያ አዲሱ ፊልም ታየ። ሳፋው ውስጥ የተነከረችው እጅ አቡጀዲውን ሞልታ ቁጭ አለች። ሦስት ደቂቃ ያህል ሰው ሁሉ ተንጠራርቶ ጠበቀ። ከዚያ ወሬው ጀመረ።

«ማሽኑ ተበላሸ እንዴ?»

«አልተበላሸም፤ አፍንጫዋን አከከች።»

«ከቃጠሎ ድና በብርድ ልትሞት ነው።»

«እኔ እንኳ ውሃ ቀድቼ በተመለስኩ።»

«ሂጂና እይው! ተመልሰሽ ስትመጪ እጇ እዚያው ነው።»

አንዲት ወጣት ሚስት በእውነት ተነሥታ ወጣች። ጄሪካኗን ከሰፈሩ ቧንቧ ሞልታ ተሸክማ ስትመለስ የፊልሟ ሴት እጅ አሁንም ውሃው ውስጥ ነበረች፤ መጋዘኑ በሳቅ ተናወጠ። ጆንያው ከመስኮቱ ሲገለጥ ሴትዮዋ ያያችሁትን ንገሩኝ አሉ። ብዙ ድምፅ በአንድ ጊዜ «ውሃ ተቀድቶ እስኪመጣ» አለ። ደቂቃ የሚል ቃል ያወጣ አልነበረም። ሴትዮዋ ጻፉት።

ሰዉ ሲበተን አንዲት አሮጊት በዱላቸው እየተደገፉ ቀረቧቸው።

«ልጄ፣ አሁን ያልሽውን ሰምቻለሁ። ግን ያንን የፊተኛውን አይተው ከዚህ የለቀቁ አሉ። ጎረቤቶቼ ነበሩ፤ ስድስት ልጆች አሏቸው። ለነሱ ማን ይነግራቸዋል?»

ሴትዮዋ ያን ሰዓት ድረስ ስለ ሰፈር እንጂ ስለ ለቀቀ ሰው አላሰቡም ነበር። እንደነዚያ ባሉ ሰፈሮች ደግሞ በአንድ ቦታ ሁለት ዓመት የሚቀመጥ ቤተሰብ ጥቂት ነው።

«ወዴት ነው የሄዱት?» ብለው ጠየቁ።

«ከድልድዩ ማዶ፣ ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ ነው የሚሉት። እኔ በእግሬ ደርሼ አላውቅም።»

ሹፌሩ ጄኔሬተሩን ጭኖ እጁን እየጠረገ መጣ። «እዚያ መኪና አይገባም፣ እትዬ። ከድልድዩ በኋላ ግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። በዚህ ጉልበትዎ አይሞክሩት፤ ሌላ ሰው ይላኩ።»

«ማንን?»

ሹፌሩ ዞር ዞር ብሎ አየ። መጋዘኑ ባዶ ነበር፤ መሬቱ ላይ የሰው መቀመጫ ካርቶን ብቻ ተበታትኗል።

«ድልድዩ ድረስ አድርሰኝ» አሉት ሴትዮዋ፤ የመኪናውን ደረጃ ለመውጣትም ትከሻውን ያዙ።